ምንም ያላደረገው ባለጠመንጃ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እናቴ ልትመርጥ ስትሄድ እኔንም አስከትላ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። ስለ ፓርቲዎቹ የማውቀው ምልክታቸውን ብቻ ነበር፤ ንቧንና ሁለቱን ጣቶች። ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ሴቶቹ የእድር ስብሰባ ላይ ያሉ ይመስል ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። የጣቢያው በር አጠገብ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል። ወታደር ይሁን ፖሊስ ዛሬ አላስታውስም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንዲት አሮጊት ከሰልፉ አውጥቶ ወደፊት ሲያሳልፋቸው አይቻለሁ። እሱ ጋ ስንደርስ ግን እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የሌሎቹም ሳቅ ቆመ። መርጠን ራቅ ስንል ወሬው እንደገና ደመቀ።

ሰውየው ምንም አላደረገም። ታዲያ ምን ነካን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳመላልሰው ኖሬ፣ መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ሩቅ አገር ነው። ኔፓል።

(ኔፓሎችም እንደኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። ሁለት ካላንደር ከማጋጨት የነሱን ታሪክ በፈረንጆቹ ብናወራው ይሻላል።)

ኔፓል ከ1996 እስከ 2006 በማኦይስት አማጽያንና በመንግሥት መካከል በተደረገ ጦርነት ከ13 ሺህ በላይ ሰው ቀብራለች። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያው አንድ ሠራዊት፣ ስምንት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሦስት ምርጫዎች ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ቆመ።

የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ 2006 ነው። ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘው ንጉሥ ጋያኔንድራ የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ጠራ። ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። ማኦይስቶቹ ዕጩዎችን ያስፈራሩ ነበር። ንጉሡ መንገዱን በወታደር ሞላው፤ ዕጩዎች በጥበቃ ሥር ከረሙ። ውጤቱስ? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወንበሮች ዕጩ አልነበራቸውም። ድምፅ የሰጠው ከአምስት መራጭ አንድ ገደማ ነው። ጥበቃው ሞላ፣ ምርጫው ባዶ ሆነ።

ሁለተኛው ኤፕሪል 10 ቀን 2008 የተደረገው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት መርምሮ ያረጋገጣቸው 19,602 የማኦይስት ተዋጊዎች ካምፕ ገቡ፤ መሣሪያቸው ኮንቴይነር ውስጥ ተቆለፈበት። ቁልፉ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ታዛቢዎች ግን ኮንቴይነሩን ሌትና ቀን ይጠብቁ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው፤ የመንግሥት ጦርም በተመሳሳይ ቁጥር መሣሪያ ቆልፎ ከሰፈሩ እንዳይወጣ ተደረገ። «አንተ ቆልፍ፣ እኔ ልጠብቅህ» የሚል ነገር አልነበረም። ምርጫውን ፖሊስ ጠበቀው። ከ60 በመቶ በላይ መራጭ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር ዘውዱ ቀረ።

ነገሩን ግን ተረት አናድርገው። የማኦይስቶቹ የወጣት ክንፍ በየመንደሩ ሰው ያስፈራራ፣ ይደበድብም ነበር። ማኦይስቶቹ በምርጫ ከሚያዙት 575 ወንበሮች 220 ሲያገኙ፣ «እነዚህ ካሸነፉ ጫካ አይመለሱም» ብሎ የመረጣቸውም ሰው ነበር። ኮንቴይነር ጠመንጃን እንጂ ፍርሃትን አይቆልፍም።

ሦስተኛው በኖቬምበር 2013 ሆነ። ያን ጊዜ ካምፖቹ ተዘግተዋል። ወደ 1,400 የሚሆኑ ተዋጊዎች ወደ ብሔራዊው ሠራዊት ተቀላቅለዋል፤ አብዛኞቹ የቀሩት ገንዘብ ተቀብለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። አሁን ወታደሩ ወደ ምርጫው ተመለሰ፤ ሆኖም ሣጥኑ አጠገብ ሳይሆን ከፖሊሶቹ ውጭ ባለው ቀለበት ላይ። ማኦይስቶቹ ሦስተኛ ወጡ። «ሣጥኖቹ ሲጓጓዙ ተነካክተዋል» ብለው ጮኹ። በመጨረሻ ግን ጉባኤው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ከዚህ የተረዳሁት ይህን ነው። ከአመጽ በሚወጣ አገር «ወታደር ምርጫ ይጠብቅ ወይስ አይጠብቅ» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። እስከ ትናንት ሲዋጋ የነበረ ጦር በግማሹ ሕዝብ ዓይን ጠባቂ ሳይሆን ተፎካካሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱም እንደ ባላንጣው ይቆለፍ፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ሲስማማበት ከሩቅ ይመለስ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ምርጫው የጦርነቱ ሌላ ዙር ይሆናል።

እኛም ቤት ተሞክሮ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኢሕአዴግና ኦነግ ታጣቂዎቻቸውን ካምፕ ለማስገባት ተስማምተው ነበር። ችግሩ፣ የኢሕአዴግ ጦር የአንዱ ተወዳዳሪ ግንባር ጦርም፣ የሽግግር መንግሥቱ ጦርም ነበር። የሰኔው የክልልና የወረዳ ምርጫ ቀናት ሲቀሩት ኦነግ ከውድድሩ ወጣ፣ ታጣቂዎቹ ካምፕ ለቀቁ፣ ውጊያ ተከተለ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ምርጫው ግን በቀኑ ተካሄደ።

በቀደም ቡና እየጠጣን እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያኔ እዚያ ሰውዬ ጋ ስንደርስ ለምን ድምፅሽን ቀነስሽ? ክፉ ሰው መስሎሽ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው!» አለችኝ። «ደህና ልጅ ነበር። የማን እንደሆነ አላውቅማ።»