የአባቴ ቮልስ

የአባቴን ቮልስ የሸጥኳት እኔ ነኝ። እንዳልክድ ውሉ ላይ ፊርማዬ አለ። ለእናቴ ሕክምና ነው ብዬ እንዳልመጻደቅ ደግሞ፣ ከገንዘቡ ግማሹ የሳሎን ሶፋ ሆኗል።

ቮልስ ምን እንደሆነች ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይቸግራል። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ተሸሽጓል። የፊት መስታወቷን የምታጥብበት ውኃማ የሚረጨው ከስኮርታው ጎማ አየር ተበድሮ ነው! (ስኮርታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ… ጣሊያን ከአገር ወጣ እንጂ ከጋራዥ አልወጣም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር።) በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። እኔ የማውቀው ግን አንዷን ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላዋ ተንበርክኮ ካንዴላ ሲያጸዳ ካቻቢቴ አቀብለው ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። በሕይወታችን ካወራነው አብዛኛውን ያወራነው እዚያ ሞተር ሥር ነው።

ታዲያላችሁ፣ ባለፈው ወር ሰፈራችን ካለ ጋራዥ በር ላይ አየኋት። ታርጋዋን አየሁ ማለቴ ነው፤ እሷንስ አላወቅኋትም። ብርቱካንማ ተቀብታለች። ጎማዋ ሰፍቷል፣ የፊት ፓራውልቷ ተነቅሏል፣ ማርሚታዋ ሰፈር ያናውጣል። ደሜ ፈላ። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ መከላከያውን እየፈቱ፣ በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙበት እንደነበር አንብቤያለሁ። ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው አባት ፎርድ ነዋ!

«ምን አደረግካት?» አልኩት ባለቤቱን። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው።

«ጋሼ፣ ያውቋታል እንዴ?»

«የአባቴ ነበረች።»

ልጁ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ታዲያ ለምን ሸጧት?»

ስለ ሕክምናው ነገርኩት። ስለ ሶፋው አልነገርኩትም። እሱ ግን ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሞተሩ እንደ ሰሃን ታጥቧል። አባቴ እንኳ እንዲህ አላጸዳውም።

ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው አቃስቶ ዝም አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሹክክ እያሉ በአጠገባችን ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢገፉልኝ?»

ከአንድ ሊስትሮ ጋር ገፋናት። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ተነሳች። ልጁ ሳይቆም በመስኮት እጁን አውለበለበልን። ማቆም አይችልማ፤ ካቆመ ትጠፋለች።