ደም መጣጩ ሊቅና እኔ

የእኅቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ በዕረፍቱ ጊዜ እኔ ዘንድ መጥቶ መሰንበትን ልማድ አድርጓል። መጽሐፌን ከመደርደሪያ ያወርዳል፥ መልሶ ግን አያስቀምጥም፤ ወጤን ይቀምሳል፥ ጨው አነሰው ይላል፤ በተናገርሁት ሁሉ ላይ ክርክር ይገጥመኛል። እኔም ብቸኛ ሰው ስለ ሆንሁ እርሱ ሲመጣ ቤቴ ይሞቅልኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፥ «አጎቴ፥ ዛሬስ ጋዜጣህን ተወውና ፊልም እንይ» አለና ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛው ላይ ከፈተ።

ፊልሙ በ2022 የወጣው «ሞርቢየስ» የሚባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ።) ስለ ደም የሚመራመር አንድ ሐኪም ከልጅነቱ ጀምሮ በማይድን የደም በሽታ ይሠቃያል፤ በመጨረሻም ደም ከሚጠጣ የሌሊት ወፍ መድኃኒት ቀምሞ ራሱን ይወጋል፤ ከበሽታው ይድናል፤ ዳሩ ግን የሰው ደም ካልጠጣ የማይረካ ፍጥረት ሆኖ ያርፈዋል። ይህ ሰው አስቀድሞ በ1971 በአሜሪካን የሥዕል መጽሔት ላይ የተፈጠረ ነው። የሥዕል መጽሔቶች እስከዚያ ዓመት ድረስ ደም መጣጭ የሚባል ነገር እንዳያወጡ በአሳታሚዎች ደንብ ተከልክለው ነበርና፥ ደንቡ ሲላላ ብቅ ካሉት አንዱ እርሱ ነበር። ስለ ፊልሙ ብዙ አልናገርም። በተማሪነቴ ዘመን የክሪስቶፈር ሊን ድራኩላ በቪዲዮ ቤት አይቼ አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ የተኛሁ ሰው ነኝና፥ ዛሬ እንዲህ ባለው በቀላሉ አልደነግጥም።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ ወደ እኔ ዞረና፥ «አጎቴ፥ የሰው ደም ወስጄ እታደሳለሁ ያለ ሊቅ በውነት ኖሮ ያውቃል?» አለኝ።

«ያውቃል» አልሁት። ዐዋቂ መስሎ መታየት ደስ ይለኛልና ሻይ አፍልቼ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወትሁት። ያጫወትሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ያላጫወትሁትንም እንደዚሁ።

ሰውየው አሌክሳንድር ማሊኖቭስኪ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ቦግዳኖፍ በሚለው ስሙ ነው። በ1873 በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ተወለደ፤ በ1899 ከካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ሐኪም ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልተወራለት። ፈላስፋ ነበረ፤ ስለ ኤኮኖሚ የጻፈ ነበረ፤ ልብ ወለድ ደራሲ ነበረ፤ ከዚህም በላይ ከሌኒን ጋር የቦልሼቪኮችን ወገን ካቋቋሙት አንዱ ነበረ። በ1908 በኢጣልያ ካፕሪ በምትባለው ደሴት፥ በደራሲው በጎርኪ ቤት፥ እርሱና ሌኒን ቼዝ ሲጫወቱ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። በማግሥቱ ዓመት ሌኒን ፍልስፍናውን የሚነቅፍ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመበት፤ ከወገኑም አስወጣው። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች ትቼ ወደ ደሙ ልለፍ።

በዚያው በ1908 ቦግዳኖፍ «ቀይ ኮከብ» የተባለ ልብ ወለድ አውጥቶ ነበር። ወደ ማርስ የተወሰደ አንድ የመስኮብ ሰው የዚያ አገር ሰዎች ከዕድሜያቸው ይልቅ ወጣት ሆነው ያገኛቸውና ምሥጢሩን ይጠይቃል። ምሥጢሩ ደም መለዋወጥ ነው። የአንዱ ደም ወደ ሌላው፥ የሌላውም ወደ አንዱ ይገባል፤ አንዱ አካል የጎደለውን ከሌላው ያገኛል። ማርሳዊው ሐኪም እንደሚለው የምድር ሰዎች ይህን ጥበብ የማይሠሩበት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ መኖርን ስለ ለመደ ነው።

ሌላው ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ቦግዳኖፍ ግን የጻፈውን ለመሥራት ተነሣ።

እዚህ ላይ ስለ ድራኩላ አንዲት ነገር ጣልቃ ላግባ። ብራም ስቶከር መጽሐፉን ያሳተመው በ1897 ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ደሟ ለተመጠጠው ለአንዲት ልጃገረድ አራት ወንዶች በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል፤ የማንም ደም ዓይነት አይመረመርም። ደራሲው አይፈረድበትም። ካርል ላንድሽታይነር የተባለው የቪየና ሐኪም የሰው ደም ዓይነት ዓይነት እንዳለው የገለጠው በ1901 ነውና። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ያን ምዕራፍ ቢያነብ፥ ልጅቱን የገደላት ድራኩላ ነው ወይስ ሐኪሞቹ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ቦግዳኖፍ ሥራውን ሲጀምር እንግዲህ ይህ ዕውቀት ተገኝቷል። በ1924 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ሙከራውን ጀመረ፤ በ1926 ሞስኮ ውስጥ የደም ማስተላለፍ ጥናት ተቋም ተከፍቶለት አለቃ ሆነ። ከወጣት ተማሪዎች ጋር ደሙን ለዋወጠ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፥ ሁለት ጊዜ አይደለም፥ 11 ጊዜ። ዐይኔ ጠራ፥ ፀጉሬም መመለጡን ተወ ይል ነበር። ክራሲን የተባለው ወዳጁ ያየውን ለሚስቱ ሲጽፍላት፥ ሰውየው ዐሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎ እንደ ታየው ነግሯታል።

«እንግዲያማ ድራኩላ ራሱ ነው!» ብሎ ልጁ ከወንበሩ ተነሣ።

«አይደለም» አልሁት፤ «ድራኩላ ወስዶ ይሄዳል። ይህ ሰው የወሰደውን ያህል ይሰጥ ነበር።»

ይህን ስናገር አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ፤ ልጁ ግን አላየውም። ሻዬን ቀምሼ ቀጠልሁ። ቦግዳኖፍ ራሱ ስለ ደም መጣጭ ጽፎ እንደ ነበር ነገርሁት። በ1913 «ኢንጂነር ሜኒ» የሚባል ሁለተኛ የማርስ ልብ ወለድ አውጥቷል። በዚያ ውስጥ ደም መጣጭ ማለት ከመቃብር የሚነሣ አውሬ አይደለም፤ ለሕይወት ከሚሰጠው ይልቅ ከሕይወት የሚወስደው የበለጠበት ሰው ነው። የሞተ አሳብም እንደዚያው በሕያዋን ላይ ተጣብቆ ይኖራል ይላል።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ። በ1928 በመጋቢት ወር ወደ ተቋሙ አንድ የ21 ዓመት ተማሪ መጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ልጅ ነበር። ቦግዳኖፍ የኔ አካል ይህን በሽታ ይቋቋማል፥ ስለዚህ ደሜ ልጁን ይረዳዋል ብሎ አመነ፤ 12ኛውንም ልውውጥ ከእርሱ ጋር አደረገ። ብዙ ሳይቆይ ሁለቱንም አመማቸው። ተማሪው ዳነ። ቦግዳኖፍ ግን ኩላሊቱ ሥራውን እያቆመ፥ የራሱን ሕመም እንደ ሌላ በሽተኛ ሕመም እየተከታተለ፥ ሚያዝያ 7 ቀን በ54 ዓመቱ ሞተ። ራሱን ሆን ብሎ ነው የገደለው ያሉም አልጠፉም። የዛሬ ሐኪሞች ግን ሌላ ነገር ይጠረጥራሉ፤ የብዙ ሰው ደም በተደጋጋሚ የገባበት አካል እንግዳውን ደም የሚዋጋ መከላከያ ያበጃል፤ ያንን አስቀድሞ የሚያሳይ ምርመራ ደግሞ ገና አልነበረም። ከላንድሽታይነር ደም ዓይነቶች ሌላ አርኤች የሚባለው እንኳ የታወቀው በ1940 ነው።

ተቋሙ አልተዘጋም፤ እንዲያውም በስሙ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ የሶቪየት ሐኪሞች ደምን በማጠራቀምና በማስተላለፍ ሥራ ከፊተኞቹ ተርታ ቆሙ። ወጣት የመሆኑ ሕልም ግን እዚያው ቀረ ማለት አይቻልም። በ2005 የወጣትና የሽማግሌ አይጥ ደም ሥር አገናኝተው የሽማግሌዋ ጡንቻ ሲታደስ ያዩ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ይህን የሰሙ ነጋዴዎች የወጣት ደም ውሃ በሊትር መሸጥ ጀመሩ፤ በ2019 የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥቅሙ አልተረጋገጠም፥ ጉዳት አለው ብሎ አስጠነቀቀ። በ2023 አንድ ባለጠጋ ከ17 ዓመት ልጁ ተቀብሎ፥ በኋላ ምንም ጥቅም አላየሁበትም አለ። ለአባትና ለልጅ የተሻለ መጫወቻ የለም ይሆን?

ልጁ እየሳቀ ተኛ። እኔ ግን አልተኛሁም።

ይህ ልጅ የተወለደበትን ሌሊት አስታውሳለሁ። እትዬ በምጥ ተይዛ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። በዚያ ዘመን ለበሽተኛው የተሰጠውን ደም ዘመድ እንዲተካ ይጠየቅ ነበር። ባሏ ከማዋለጃው ክፍል በር አልነቀልም ስላለ፥ «አንተ ሂድ፥ ወንድሜ» ብሎ ወረቀቱን በእጄ ሰጠኝ። ሄድሁ። ጣቴን ወግተው መረመሩኝ፤ ደኅና ነህ፥ ተኛ አሉኝ። ከጎኔ ባለው አልጋ የተኛው ሰው ደም በቱቦ ወርዶ ከረጢቱን ሲሞላ አየሁ፤ ከረጢቱ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ደሙ እኔ ከማስበው ይልቅ ጥቁር ነበር። «ውሃ ልጠጣና ልምጣ» አልሁ። ውሃ አልጠጣሁም። እግሬ እስከ ውጭው በር ድረስ ይዞኝ ሄደ።

በበሩ አጠገብ በድንጋይ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀምጦ ነበር። ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ አለ። ከሥራ ላይ የወደቀ ጓደኛውን ተሸክሞ አምጥቶ ዜና ይጠብቃል። «ምነው ጋሼ፥ ላብ አጠመቀዎ?» አለኝ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀልላልና ሁሉን ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «የኔ ይሆን እንደ ሆነ ልየው» ብሎ ተነሣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንዱን አጥፎ፥ በክርኑ ጥጥ ይዞ፥ የተፈረመውን ወረቀት አመጣልኝ። 50 ብር አውጥቼ ዘረጋሁለት። «ደም ይሸጣል እንዴ?» አለኝ እንጂ አልተቀበለም። ሻይና ዳቦ ግን ጋበዝሁት፥ በላ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ የእኅቴ ባል በመጀመሪያ ያየው ጣቴ ላይ ያለውን ጥጥ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፈኝና አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ፤ እርሱ ግን ለቅሶዬን በሌላ ተረጎመው። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብሁ። በማግሥቱ እትዬ ነቅታ እጄን ይዛ፥ «ደምህ በደሜ ውስጥ ነው፥ ወንድሜ» አለችኝ። አሁን እንዴት ተደርጎ ይነገራል? በውነቱ ከሆነ በሥሯ የገባው ደም የሠራተኛውም አይደለም፤ አስቀድሞ ከማቀዝቀዣ የወጣ፥ የሌላ የማይታወቅ ሰው ደም ነው። የኔ ግን ከቶ አይደለም። በልጁ ክርስትና ቀን ከአባቱ ቀጥሎ አስቀመጡኝ። በየዓመቱ ልደቱ በመጣ ቁጥር ይህ ነገር ይነሣል፤ እኔም አንገቴን አቀረቅራለሁ፤ ትሕትና ይሉታል።

ባለጥጡ ሐኪም፥ ባለማርሱ ሐኪም፥ እብድ የተባለው ሐኪም፥ ከማያውቀው ተማሪ ጋር በአንድ ቱቦ ተያይዞ ተኝቷል። እኔ ለእኅቴ አልተኛሁም። እንዲያውም የሌላ ሰው ደም ባስገኘው ፍቅር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ።

ጠዋት ቁርስ ስንበላ ልጁ ከኪሱ አንዲት ትንሽ ካርድ አወጣ፤ የደም ለጋሽ ካርድ ናት። በዩኒቨርሲቲው ግቢ አራት ጊዜ ሰጥቷል። «ከአንተ ነው የተማርሁት» አለኝ፤ ቀጥሎም፥ «ከእናቴ በኋላ አንተ ስንት ጊዜ ሰጠህ?»

«ሻዩ ቀዘቀዘ፥ ላሙቀው» ብዬ ተነሣሁ።

ትምህርት ሲከፈት እርሱ ወደ ግቢው ሄደ። እኔም በመስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት፥ ለማንም ሳልናገር፥ ደም ከሚሰበስቡበት ድንኳን ገባሁ። አንዲት ወጣት ነርስ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። ስም፥ ዕድሜ፥ ክብደት፤ ከዚያም ከዚህ በፊት ደም ሰጥተው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ ነርሷ፥ «አባባ፥ መነጽርዎን ረሱ እንዴ? ልጻፍልዎ?» አለችኝ። ራሴ ጻፍሁት፤ «አላውቅም» ብዬ። ጋደም አልሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤ በመካከሉ ግን ገልጬ ከረጢቱን አየሁት። ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ብስኩትና ለስላሳ ሰጡኝ፤ ካርዴንም በኪሴ ከተትሁ።

ይህ መጽሔት በየሳምንቱ እትዬ ቤት ይገባል። ባሏ ሥዕሉን ያያል፤ እርሷ ግን ቡናው እስኪፈላ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታነባለች።