መቀስ የነካው ወረቀት

አሮጌ ደብዳቤ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ፊርማው ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ወረቀት ሲያረጅ ጠርዙ ይሸራረፋል፤ የታጠፈበትም ቦታ ይሳሳል። ይህ የዕድሜ ነገር ነው። ጠርዙ በመቀስ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ግን ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን የእጅ ጽሑፍ መሰብሰብ ሲለመድ፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ስሙን ብቻ ነበር። ደብዳቤው እጁ ሲገባ ፊርማውን ቆርጦ አልበሙ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው የትም ይወድቃል። ዛሬ እንዲህ ያለው ቁራጭ በጨረታ ላይ ከሙሉ ደብዳቤ እጅግ ያነሰ ዋጋ ነው የሚያወጣው። ደግ ፍርድ ነው እላለሁ፤ ቢዘገይም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጃሬድ ስፓርክስ ሥራ ነው። ይህ የታሪክ ጸሐፊ የጆርጅ ዋሽንግተንን ወረቀቶች ሊያሳትም ተረክቦ ነበር። ከነዚያ መካከል ዋሽንግተን በ1789 (እ.ኤ.አ.) ሥልጣን ሲይዝ ሊያሰማው በገዛ እጁ የገለበጠው፣ ኋላ ግን የተወው፣ 73 ገጽ የሞላ ንግግር ተገኘ። ስፓርክስ ምክር ቢጠይቅ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ባይታተም ይሻላል አለው። አለመታተሙስ ይሁን። ስፓርክስ ግን ገጾቹን እየቆራረጠ የዋሽንግተንን እጅ ጽሕፈት ለሚለምኑት ሁሉ አደለ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐዘኔ በቀለለ፤ ሰውየው ግን የቸረ መስሎት ነበር።

በዚያው ዘመን የነበረው ቄስ ዊልያም ስፕሬግ ከዋሽንግተን ደብዳቤዎች የፈለገውን እንዲወስድ ሲፈቀድለት፣ በወሰደው ፈንታ ግልባጭ እንዲተው ተነግሮት ነበር። ይኼም ዋናውን ከቤቱ ማራቅ ነው፤ ቢሆንም ደብዳቤው ከነገላው ወጣ።

የእኛን ነገሥታት ደብዳቤዎች አስባለሁ። የአፄ ቴዎድሮስም የአፄ ምኒልክም ማኅተም ከጽሑፉ በላይ ነው የሚያርፈው። የፕሬዚዳንት ስም ግን ከታች፣ ከሰላምታው በኋላ ስለሚመጣ ለመቀስ የተመቸ ነው።

ስሙ ብቻውን ደግሞ ያታልላል። ፕሬዚዳንቶች ለገበሬ የሚሰጠውን የመሬት ሰነድ ሳይቀር በእጃቸው ይፈርሙ ነበር። በ1833 አንድሩ ጃክሰን ሥራው ስለበዛበት ጸሐፊ እንዲፈርምለት በሕግ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ባሉት የመሬት ሰነዶች ላይ «አንድሩ ጃክሰን» የሚለው የጸሐፊው እጅ ነው። በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጊዜ ደግሞ ማሽንም ይፈርም ነበር። ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አይፈርምምና፣ ሁለት ፊርማዎችን ደራርበው ወደ ብርሃን ሲያነሷቸው መስመር ለመስመር ከገጠሙ የማሽን ናቸው።

እጅ ግን ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል። ሊንከን ጥር 1 ቀን 1863 የባሪያ ነፃነት አዋጁን ሊፈርም ሲቀርብ፣ የአዲስ ዓመት እንግዶችን ሲጨብጥ ውሎ ክንዱ ዝሎ ነበር። እጄ ከተንቀጠቀጠ «አመነታ» ይሉኛል ብሎ ሰጋ። ደብዳቤ ላይ «ኤ. ሊንከን» ማለት ይበቃው የነበረ ሰው፣ ያን ቀን ሙሉ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈ። ያን ስም ከአዋጁ ቆርጦ ለብቻው ያየ ሰው መንቀጥቀጡን ያይ ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ከየት ያገኘዋል?

በ1864 ከማሳቹሴትስ 195 ልጆች በባርነት ያሉ ሕፃናት በሙሉ ነፃ እንዲወጡ ለሊንከን አቤቱታ ላኩ። የለመኑትን ሁሉ ለመፈጸም ሥልጣን እንደሌለው፣ እግዚአብሔር ግን እንደሚችል እንዲያስታውሱ፣ አቤቱታውን ላሳለፈችለት ሴት ጻፈላት። ያ ደብዳቤ በ2008 በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የሊንከን ስም ያረፈባቸው ተራ የሹመት ወረቀቶች ግን በሺዎች ዶላር ይገኛሉ። የልጆቹን ደብዳቤ መልስ መቀስ ያልደረሰበት መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የዋሽንግተንን ንግግር ግን ተመራማሪዎች ከየቤተ መጻሕፍቱና ከየሰብሳቢው እጅ እየለቀሙ ለመገጣጠም ደክመዋል። አንዱ ቁራጭ ከዓረፍተ ነገር መሐል ይጀምራል፤ ሌላው ሳይጨርስ ያበቃል። ወረቀቱ በጀርባውም ስለተጻፈበት ከፊት አንድ መስመር የወሰደ መቀስ ከኋላም ሌላ ወስዷል። የጎደሉት ምናልባት ዛሬም በአንድ ቤት አሮጌ አልበም ውስጥ፣ ጀርባቸው ሙጫ ተቀብቶ፣ ተለጥፈዋል።