ላሟ ምን በደለች?

ከቢሾፍቱ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ዛሬ አሳማ አርቢ የሆነው፣ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ አውራው አሳማ በትኩሳት ታሞ ከዳነ ሰነበተ። ይበላል፣ ይሰርራል። እንስቶቹ ግን አያረግዙም። ምን ሆነው ነው?» መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

የአራዳ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ፒያሳ እንዲህ ሳይፈርስ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ በየጓሮው ላም ነበር። ሁለት ላም ይዘው በወተት ልጆች ያሳደጉ እናት ነበሩን። አንደኛዋ ላም በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ትጠቃለች፣ አታረግዝም። «መካን ናት» ተባለና ለሥጋ ተሸጠች። ሁለተኛዋም ያው ሆነች። ደላላ ሲመጣ «ኮርማው በቅርቡ ታሞ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከሁለት ወር በፊት አፍተግር ይዞት ነበር። እኚያ እናት መሸጡን ትተው ጠበቁ። ላሟ በኋላ አረገዘች። የተሸጠችው ግን አትመለስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት። ቫይረስ ትኩሳት ሲያስነሳ በመሠራት ላይ ያለው ዘር ይጎዳል፦ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ይደክማል፣ ቅርጹ ይበላሻል። በኮርማ አንድ ዘር ለመሠራት 61 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ለመብሰል ደግሞ ሌላ 10 ቀን ያህል። በአሳማ ሁሉም ተደምሮ ወደ 7 ሳምንት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው እንስሳው «ድኗል» ከተባለ በኋላ ነው። ሰው ደግሞ በዓይኑ የሚያየውን ጤነኛ አውራ ትቶ እንስቷን ይከሳል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ቫይረስ ራሱ ከአባላዘሩ ጋር ይወጣል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1983 የታየው የቆዳ ጉርብርብታ (ላምፒ ስኪን) ቫይረስ፣ በሙከራ በተያዙ ኮርማዎች አባላዘር ውስጥ እስከ 42 ቀን ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። ከቃሊቲ ወደየክልሉ የሚሄደው አባላዘር የሚቀመጥበት፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ዘሩን ብቻ አይደለም የሚያቆየው፤ ቫይረስ ካለ እሱንም ያቆያል። ኮርማው አስቀድሞ የሚመረመረው ለዚህ ነው።

ሳልናገር የማላልፈው፦ በሰውም ያው ነው። ጆሮ ደግፍ አዋቂ ወንድን ሲይዝ ቆለጥ ሊያሳብጥ፣ ዘርንም ሊያዳክም ይችላል። ስንት ቤት ነው ባል ሳይመረመር ሚስት «መካን» ተብላ የተሸኘችው?

ልጄ፣ ላንተ ምክሬ ይህ ነው። እንስቶቹን አትሽጥ። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጻፍና 7 ሳምንት ቁጠር፤ እስከዚያ አውራውን አሳርፈው። ከዚያ አባላዘሩ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም። የበሽታው ዓይነት ሳይታወቅ ግን ለጎረቤት እንዳታውሰው። በ2011 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ቢሾፍቱ ገብቶ እንደነበር አትርሳ፤ ሐኪም ደም ወስዶ ያስመርምር።

የደረሰባችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።