«የሰው ግቢ አይደለም ወይ?»

ከሲያትል ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቁጥር 5 አውራ ጎዳናን ይዞ ይከንፋል። እኛ ግን የተከራየናትን ካምፐር ቫን ወደ ምዕራብ አዙረን፣ የኦሪገንን ባሕር ዳር ተከትሎ የሚሄደውን ቁጥር 101 መንገድ ያዝን። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ጉዞው በእሷ ልክ ነበር፤ ሲደክማት እንቆማለን፣ ደስ ያላት ቦታ እንውላለን። ሲመሽ በስቴቱ ፓርኮች ውስጥ ቫኗን አቁመን፣ መብራት ሰክተን፣ ሽሮ ጥደን እናድራለን።

አስቶሪያ የገባነው በኮሎምቢያ ወንዝ መጨረሻ ላይ በተዘረጋው ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው ይህ ድልድይ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለብዙ መንገድ ከውኃው ብዙም ሳይርቅ ይሄድና ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ መርከብ ለማሳለፍ ሽቅብ ይወጣል። እናቴ እዚያ ላይ አማተበች።

ካነን ቢች ስንደርስ 72 ሜትር ከፍታ ያለው ሄይስታክ የተባለው ቋጥኝ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሮጡ። እናቴ ግን ከአሸዋው አፋፍ ላይ ቀረች።

«ነይ እንጂ እማዬ።»

«የሰው ግቢ አይደለም ወይ?» አለችኝ፣ አሸዋው ላይ ፊታቸውን ያዞሩትን ሞቴሎችና ትልልቅ ቤቶች በዓይኗ እያሳየች። ሰዎች በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። በእነሱ ፊት ማለፍ ነውር መስሏታል።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን እንኳ ብዙው የፑጀት ሳውንድ ዳርቻ የግል ይዞታ ነው። ኦሪገንን የለየው አገረ ገዢው ኦስዋልድ ዌስት የቀየሱት ብልሃት ነው። በዚያ ዘመን በድንጋያማው ዳርቻ መንገድ ስላልነበረ መንገደኛ በአሸዋው ላይ ይጓዝ ነበር። እሳቸውም ይህንኑ ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣ ሕግ ውኃው እየመጣ የሚሸሽበት አሸዋ በሙሉ የሕዝብ አውራ ጎዳና እንዲባል አደረጉ። መንገድ ደግሞ አይሸጥም።

ሕጉ ግን ውኃ የማይደርስበትን ደረቁን አሸዋ በስም አልጠቀሰም። በ1966 እዚሁ ካነን ቢች አንድ የሞቴል ባለቤት ከሞቴሉ ፊት ያለውን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ብሎ ከለለ። ሕዝቡ ተቆጣ። በቀጣዩ ዓመት አገረ ገዢ ቶም ማኮል በሄሊኮፕተር መጥተው አሸዋው ላይ አረፉ፤ ቀያሾች ችካል እየተከሉ የሕዝቡ መብት እስከ የት መድረስ እንዳለበት ለጋዜጠኞች አሳዩ። በዚያው በ1967 ሕጉ ወጣ፤ ሕዝብ ሣርና ቁጥቋጦ እስከሚጀምርበት ድረስ በአሸዋው የመጠቀም መብቱ ተጠበቀለት።

ይህን ስነግራት እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ተባረኩ» አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ወረደች። ስደተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚረግጠው መሬት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ እኔም ይህን ዳርቻ የምወደው በውበቱ ብቻ አይደለም።

በአይቧ የታወቀችውን ቲላሙክን አልፈን፣ ዲፖ ቤይ ላይ ለምሳ ቆምን። እዚያ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በበጋ ለመመገብ ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ አንዱ ትንፋሹን ሽቅብ ሲረጭ አየን።

ኒውፖርት አጠገብ ያለው ያኪና ሄድ ግን ግማሽ ቀን አዋለን። ከ1873 ጀምሮ የበራው፣ 28 ሜትር የሚረዝመው ነጭ የመብራት ማማ ከላይ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ዳርቻ አሸዋ የለውም፤ ማዕበል ያድቦለቦላቸው ጥቋቁር የባዛልት ድንጋዮች ናቸው። ማዕበሉ መጥቶ ሲመለስ ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ያጨበጭባሉ። ውኃው ርቆ ሲሸሽ በቋጥኞቹ መካከል ኩሬዎች ይቀራሉ። አንዱ ላይ ጎንበስ አልን፤ ወይን ጠጅ የባሕር ኮከብ ድንጋዩን በአምስት ክንዱ አቅፎ፣ አጠገቡ አበባ የሚመስል አረንጓዴ እንስሳ ጣቶቹን ዘርግቶ ነበር። በጎ ፈቃደኛዋ አስጎብኚ እንዳንረግጣቸው ባዶውን ድንጋይ እየመረጠች መራችን። እናቴ እጇን ይዛ ሄደች፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተግባቡ።

ፍሎረንስ ላይ ቫኗን የምንመልስበት ቀን ስለደረሰ ወደ ሰሜን ዞርን። ከዚያ እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር ያለውን ለከርሞ አቆይተነዋል። እናቴ ከደሴ በደወለች ቁጥር የቀጠሮውን ወር ትጠይቀኛለች፤ ሕጉ እዚያም ይሠራ እንደሆነ ጠይቃኝ፣ እስከ ድንበሩ ድረስ እንደሚሠራ ነግሬያታለሁ።