ቡልጋ ወይስ ቡልቡላ?

ባለፈው ጥቅምት እናቴን ይዤ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት መወለዷን በማስረጃ እንድታረጋግጥ መጠየቋ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ወጣቱ ጸሐፊ የአባቷን ስም ጠየቃት፤ ነገረችው። የአያቷን ጠየቃት፤ ነገረችው። ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣና «እማማ፣ ይሄ የሰው ስም ነው?» አላት። እናቴ ሳቀች። «አርመን ነው ልጄ፤ ከአርባዎቹ ልጆች አንዱ» አለችው፣ ኩራቷን ሳትደብቅ።

«አርባ ልጆች» የሚባሉትን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ባጭሩ ላስታውስ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ በተጓዙ ጊዜ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ከዘር ጭፍጨፋው የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ከመሪያቸው ከከቮርክ ናልባንዲያን ጋር ገቡ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። እኛ ቤት አጎቴ ያ መዝሙር በተነሣ ቁጥር «የኛ ሰዎች ናቸው» ይል ነበር። እኔም በዚህ ኩራት አደግሁ።

ከወረዳው ስንመለስ ግን የጸሐፊው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ተማሪዎቼን ዘወትር «ማስረጃህ የት አለ?» እያልሁ የማስጨንቅ መምህር ስለ ገዛ ቅድመ አያቴ አንድም ማስረጃ አገላብጬ አላውቅም ነበር። ገርጂ በሚገኘው የእናቴ ቤት ሣጥን ከፈትን፤ ከዚያም ወደ መቃብሩ ሄድሁ። ሦስት ምስክሮች አገኘሁ፤ ሦስቱም አይስማሙም።

የመጀመሪያው አሮጌ የብራና ዳዊት ነው። በኅዳጉ ላይ የእናቴ አባት የተወለደበት ቀን፣ የክርስትና ስሙና «የአርመኑ ልጅ» የሚል ቃል ተጽፏል። ዓመቱ 1906 ነው። ሁለተኛው የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ቅድመ አያቴ በ1896 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ ከኢየሩሳሌም መጣ፣ በፈረንሳይ ሌጋሲዮን ጥበቃ ሥር ነው ይላል። ሦስተኛው የመቃብሩ ድንጋይ ነው፤ በአርመን ፊደል የተቀረጸውን ያነበቡልኝ አዛውንት እንደነገሩኝ የተወለደው በ1886 እ.ኤ.አ.፣ አገሩም አረብጊር ነው።

ስሙም በሦስቱ ላይ ሦስት ዓይነት ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ነውና እዚህ አላወጣውም፤ ጠባዩን ግን ላሳይ። አርመኖች ሃጎፕ የሚሉት የእኛ ያዕቆብ ነው፤ ሆቫኔስ ዮሐንስ፣ ቦጎስ ጳውሎስ፣ ከቮርክ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። የእኛ ደብተራ የሰማውን ወደ ራሱ ይመልሳል፤ የሌጋሲዮኑ ጸሐፊ በፈረንሳይኛ ጆሮው ይጽፋል፤ ድንጋዩ ብቻ እናቱ የጠራችበትን ይዞ ቀርቷል። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ለራሱ ጉዳይ የሚበጀውን ጻፈ እንጂ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአየርላንድ ዘራቸውን የሚፈልጉ ሰዎች የሚያለቅሱት በ1922 እ.ኤ.አ. ደብሊን ላይ በተነሣው ጦርነት ቤተ መዛግብቱ ተቃጥሎ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አብዛኛው አመድ ስለሆነባቸው ነው። እኛም የራሳችን እሳት አለን። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡበት ከሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አንሥቶ ጣልያን እስኪገባ ድረስ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የቅድመ አያቴ የጫማ መስፊያ ሱቅም ከነወረቀቱ የጠፋው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ከእሳት የተረፈውን ደግሞ ሕግ ዘነጋው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ እነዚያን አንቀጾች በራሱ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ አገዳቸው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ወረዳ ደጃፍ የቆመችው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ የቅድመ አያቴ ነገር ይፈታል። የዳዊቱን 1906 በፈለግኸው አቆጣጠር ውሰደው፤ ከአርባዎቹ ልጆች መምጣት በፊት ነው። ሰውየው ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ወልዷል። ስለዚህ ከአርባዎቹ አንዱ ሊሆን አይችልም። ከእነርሱ ቀድመው በምኒልክ ዘመን ከመጡት ወገን ነው፤ የመንገድ መዳመጫ ሞተሩ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ከተማዋን ካስደነቀው ከሰርኪስ ቴርዚያን ዘመን ሰዎች። ሰባራ ባቡር ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ማሽን ነው። «ከኢየሩሳሌም» የምትለው የመኖሪያ ፈቃዱ ቃል ግን በቤተሰቡ ጆሮ ውስጥ አድጋ አድጋ «ከአርባዎቹ አንዱ» ሆነች።

ሰውየውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሦስቱን ወረቀቶች መልሼ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሚስቱ የት አለች? ዳዊቱ «የአርመኑ ልጅ» ይላል፤ እናትየዋን አይጠራም። ድንጋዩ የትውልድ ከተማውን ይናገራል፤ እርሷን አያነሣም። በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ «ያገባ» የምትል አንዲት ቃል አለች። ቅድመ አያቴ በዚህ ምድር ላይ ያላት ሰነድ እርሷው ናት።

አጎቴን ጠየቅሁት። «የቡልጋ ሰው ናት፤ የጨዋ ልጅ፤ አማራ ናት» አለኝ። አክስቴን ጠየቅኋት። «ማን ነው ቡልጋ ያለህ? የቡልቡላ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ በኦሮምኛ ነበር የምትቆጣው» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! በቡልጋና በቡልቡላ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት እፍኝ አይሞላም። በመካከላቸው ግን የእኛ የሠላሳ ዓመት ፖለቲካ በሙሉ ተቀምጧል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር በነበረባቸው ዓመታት ከአንድ ማሕፀን የወጡት አጎቴና አክስቴ ሁለት የተለያየ ቃል አስሞልተዋል። ሁለቱም የማሉት በአንዲት ሴት ነው፤ ስሟን ግን ሁለቱም አያውቁም። «እማማ ትልቋ» ነበር የምንላት አሉኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አባትየው በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር የሚኖር ባዕድ ነበር። ስለዚህ አያቴን ኢትዮጵያዊ ያደረገችው፣ እናቴንም እኔንም ያስከተለችው፣ ያች ማንም ያልመዘገባት ሴት ናት። እኛ ግን ትውልድ እየተቀባበልን የተኩራራነው በሰውየው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ወረቀት ነበረው። እንደኔ እንደኔ የዘር ቆጠራ ፖለቲካችን ትልቁ ጉድ እዚህ ላይ ነው፤ የምንማልበትን ደም ግማሹን አልጻፍነውም።

አንድ እሑድ ከመድኃኔዓለም ስንመለስ መኪናውን ወደ ቦሌ ቡልቡላ አዞርሁት። የአውሮፕላን ድምፅ ከበላያችን፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከፊታችን። እናቴ በመስኮት እያየች ዝም አለች። ያን ጊዜ ነው የነገርኋት፤ አያቷ ከአርባዎቹ አንዱ አለመሆኑን። ታዝናለች ብዬ ሳምንታት ፈርቼ ነበር።

«ታዲያ ቀድሟቸው መጣ ማለት ነዋ» አለችኝ። «ቤት አበጅቶ ጠበቃቸው።»

ጥቂት ቆይታ ደግሞ «የእሷንስ አገኘኸው?» አለችኝ፤ «ስሟን?»

አላገኘሁትም። ሕፃን ሳለች እቅፏ ውስጥ የተኛችው እናቴም አታውቀውም። እናም ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከአዛውንቶችህ አንዳቸው በሕይወት ካሉ ደውልና የሴት ቅድመ አያትህን ስም ጠይቅ። ብሔሯን አይደለም፤ ስሟን። ጻፈውም።