ከጥዱ ሥር የምንቆም

የማያምን ሰው ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል? የዶርም ጓደኞቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ እናታችንን እናጅባለን።

እኛ የአዳማ ልጆች ነን። እማዬ ግን ዛሬም ናዝሬት ነው የምትላት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስደው ያወጡላት ስም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በይፋ ቢቀየርም ከአፏ አልወጣም። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ተጓዥ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ መሄድ ያልቻለው ነጠላውን አጣፍቶ እዚሁ ገብርኤልን ይሳለማል። እኛም አለን።

አለን ስንል የት? የቤተ ክርስቲያን አሠራር በዚህ በኩል ደግ ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አለ፤ ከሁሉም ውጭ ደግሞ ሰፊው ቅጽር። እህል የቀመሰ፣ በወር ልማዷ ላይ ያለች፣ ከጎረቤት የተጣላ፣ ሁሉም ከጥዱ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ለምን አልገባህም የሚል የለም። የእኛም ምክንያት በእነዚያ ሁሉ ምክንያቶች መሐል ተሸሽጎ ይኖራል።

ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። ጴንጤ ጓደኞቻችን ዘንድ ስንሄድ ወንበር ይለቀቅልናል፣ መዝሙሩም ደስ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ግን «ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ» ይባላል። እንግዲህ እጅ አለማንሳትም ንግግር ሆነ ማለት አይደል! ሙስሊም ጓደኛችን ሲሰግድ መስጊዱ ደጅ ጫማውን ይዘን እንጠብቀዋለን። ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ለኢሬቻ ስንወርድ እርጥብ ሣር እንይዛለን። ምስጋናው ለዋቃ ነው፤ የክረምቱ ማለፍ እኛንም ደስ ይለናል፤ ማንን ታመሰግናላችሁ ብንባል ግን መልስ የለንም።

በወረቀትማ መብት አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የሕሊና ነፃነትን ደንግጓል። ይሁንና የንስሐ አባት ቤት መጥተው መስቀላቸውን ሲዘረጉ ምን እንደሚደረግ አንቀጹ አይነግረንም። እኛ እንሳለማለን። «ግብዝነት ነው» የሚሉን አሉ። አይደለም፤ የዘረጉልንን ሽማግሌ አክብረን ነው። አንድ ነገር ግን አናደርግም፤ አንቆርብም። ለእማዬ ከሁሉ የከበረውን ነገር ባላመንንበት አፍ አንቀበልም። ከአክብሮት ወዲያ ማታለል ይመጣል፤ ድንበራችን እዚያ ላይ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። አምና እማዬ ለቀዶ ጥገና ልትገባ ስትል እጃችንን ይዛ «ልጆቼ፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ» አለችን። «እሺ እማዬ» አልን። ሌላ ምን ይባላል? ሌሊቱን ከበሩ ሳንርቅ አደርን። ያ ጸሎት አልነበረም፤ ያለን ግን እሱ ነበር።

እግዜር ይመስገን፣ ድና ወጣች፤ እንዲህ የምትለው እሷ ነች። እኛ ሐኪሞቹን አመሰገንን፤ እሷ ፊት ግን «አሜን» አልን። ቅጽሩ ላለመግባታችን ቦታ ሰጥቶናል፤ ለመናገራችን ግን ገና ቦታ አላገኘንም። በየሰንበቱ ነጠላዋን የምናስተካክልላትን ልጆቿን ታውቃለች፤ ከጥዱ ሥር ቆመው የሚያስቡትን ግን አታውቃቸውም።